መስመሩ የእኛ፣ ፋይሉ የማን?

እንደ እኛ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ መዋል አመል የሆነበት ሰው ደስ የሚለው ነገር ለሌላው ላይገባው ይችላል። ለምሳሌ «ዐ»ን በኮረል ድሮው ጽፈን መቶ እጥፍ ስናጎላት ጠርዟ እንደተስተካከለ መቅረቱ ሻያችንን ያስረሳናል። ፎቶ ቢሆን ይኼኔ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታትኖ ነበር። ቬክተር ግን የሚይዘው «ከዚህ ተነሣ፣ እንዲህ ታጠፍ፣ እዚያ ድረስ» የሚል ሒሳብ ነው። መታጠፊያውን ቤዚዬ ይሉታል፤ የሬኖ መሐንዲስ የነበረው ፒየር ቤዚዬ የመኪና አካል ለመንደፍ ያስፋፋው ሒሳብ ነው። የእኛ «ዐ» ከሬኖ ጋር ትዛመዳለች ስንል ቀልድ እንዳይመስላችሁ!

ታሪኩን ባጭሩ፦ ኢቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ስኬችፓድን ሠርቶ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ ሣለ። ኢለስትሬተር በ1987፣ ፍሪሃንድ በ1988፣ ኮረል ድሮው በ1989 መጡ።

የሚያሳስበን ፍሪሃንድ ነው። ኢለስትሬተርን የያዘው አዶቢ የፍሪሃንድን ባለቤት ማክሮሚዲያን በ2005 ገዛና በ2007 «ከእንግዲህ አላሻሽለውም» አለ። በ2011 የወጣው የማክ ሲስተም ደግሞ ጭራሽ አላስነሣው አለ። ሶፍትዌር ይሞታል፣ ይሁን። የሰዉ የዓመታት ሥራ ግን ለምን አብሮ ይቀበር? አዶቢ በ2022 ፊግማንም በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ ነበር፤ የአውሮፓና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች አልዋጥላቸው ስላለ በ2023 መጨረሻ ቀረ። እሰይ ብለናል።

«ይኼ እኛን አዲስ አበባ ላይ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ ፎንት የተጻፈ የሠርግ ካርድ ይዛችሁ ፎንቱ ወደሌለበት ማተሚያ ቤት ሂዱ። ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። መድኃኒቱን ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል፤ አስቀድሞ ኮንትሮል ኪው መጫን ነው፣ ፊደሉ ወደ መስመር ይለወጣል። መልኩ ይተርፋል፤ ጽሑፍነቱ ግን ያከትማል። ከዚያ በኋላ የሙሽራዋ ስም ላይ አንድ ፊደል ቢሳሳት ማረም የለም፣ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ያንኑ ፋይል በአዲሱ ኮረል ሴቭ ካደረጋችሁት ደግሞ አሮጌው ኮረል አልከፍትም ይላል።

ዲዛይነር ጓደኞቻችንን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለማተሚያ ቤት ከምትሰጡት ሌላ፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ እንዳለ የተቀመጠበት አንድ የኤስቪጂ ቅጂ ይኑራችሁ። ኤስቪጂ ከ2001 ጀምሮ ለማንም የተከፈተ ደረጃ ነው። በ2003 የተጀመረው ኢንክስኬፕ ያለ ክፍያ ይከፍተዋል (ለሕትመት ቀለም ደካማ ነው፤ አንዋሽም)። ደግሞ ጨዋታም አለው። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት፤ ሥዕሉ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣላችኋል። የአንዱን ቀለም ቁጥር ለውጡ፣ ሴቭ አድርጉና ብሮውዘር ላይ እዩት።