ቆራሌው የወሰደው ድምፅ

«ያ ድምፅ እኮ ድጋሚ አይመጣም!» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። የማሕሙድ አህመድ ወይም የዓለማየሁ እሸቴ የድሮ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር አንዱ ማኪያቶው ፊት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይላታል። ሌሎቻችን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ ጉዳዩም በዚሁ ይዘጋል።

እኛ ግን ሰልችቶናል። ደግሞም ሐሰት ናት።

ያ ድምፅ ከሰማይ የወረደ መና አልነበረም። ድምፃዊው ነበረ፣ ተጫዋቹ ነበረ፤ ከሁለቱ ጀርባ ደግሞ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነበረ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የነበረው የጊታር አምፕሊፋየር አብዛኛው የሚሠራው በቫልቭ ነው፤ አምፖል በምትመስል፣ ውስጧ አየር በሌላት ብርጭቆ። ቫልቭ ከአቅሟ በላይ ስትገፋ ድምፁን በመቀስ እንደተቆረጠ አትጎርደውም። ጫፉን ታጎብጠዋለች፣ ትንሽ ታሻክረዋለች። «ሞቅ ያለ» የምንለው ነገር ይኼው ነው። ምስጢር የለውም፤ ሥዕሉ ያለ፣ ስሌቱ የታወቀ ሰርኪዩት ነው።

ዘመኑን የሠሩት ሰዎችም «አይቻልም» ሲባሉ ቁጭ ያሉ አልነበሩም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ያንን አልፎ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ሕንድ አሳትሞ አመጣ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የሌሊት ቤቶች ጭር አሉ፣ ካሴትና ኪቦርድ ቦታውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ሲዲ ያንኑ ሙዚቃ ለዓለም ማቅረብ ሲጀምር እኛም እንደ አዲስ አፈቀርነው። (የራሳችን ነገር በፈረንጅ በኩል ዞሮ ካልመጣ የማይጥመን ለምን እንደሆነ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ያፈቀርነው ግን ድምፁን ነው ወይስ ትዝታውን? ድምፁን ቢሆን ኖሮ «ቆራሌው!» የሚል ጥሪ በሰማን ቁጥር የአያቶቻችንን ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ባላወጣንለት። ያ የእንጨት ሳጥን ሆዱ ውስጥ የያዘው ለትንሽ የጊታር አምፕሊፋየር የሚያስፈልገውን ዕቃ ነው፦ ሁለት ትራንስፎርመር፣ ስፒከር፣ ብዙ ጊዜም ኢ ኤል 84 የምትባል ቫልቭ። ኢ ኤል 84 ብቻዋን 5 ዋት ገደማ ትሰጣለች። አትሳቁ፤ 5 ዋት በአንድ ክፍል ውስጥ ከከበሮ ጋር ይነጋገራል።

ይህን የምንለው ሠርተን ስላየነው ነው። የሠራነውም አጣዬ ነው።

አጣዬን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በዜና ይሆናል። ወደ ደሴ ሲኬድ ከሸዋ ሮቢት፣ ከጀውሃና ከሰንበቴ ቀጥላ የምትመጣ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ በጥር 2015 ዓ.ም. እንደገና ጥቃት ደረሰባት። እኛ ከተሜዎች ስሟን የምናነሳው ስትነድ ብቻ ነው። አምሃ እሸቴም ያረፈው በዚያው በሚያዝያ 2013 ነበር። ለእርሱ የሚገባው ኀዘን ተጻፈለት። በዚያ ወር አጣዬ ውስጥ ከነመሳቢያው ስለነደደ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ግን ማንም አልጻፈም።

የሱቁን ባለቤት ጋሼ እንላቸዋለን፤ ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። ከመካከላችን አንዷ የአጣዬ ልጅ ስለሆነች ነው ያገኘናቸው። ጉዳት መዝጋቢዎች ሲመጡ ቤቱንና የሱቁን ሸቀጥ ጻፉ፤ ካውያና ቴስተር የሚጻፍበት መስመር ግን ቅጹ ላይ አልነበረም ይላሉ።

ሬዲዮውን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ገዝተን ወሰድንላቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ጀርባውን ከፍተው የቫልቮቹን ስም ማንበብ ነበር። ስማቸው በ«ዩ» የሚጀምር ቢሆን ኖሮ መልሱት ይሉን ነበር። እንዲህ ያሉት ሬዲዮዎች በአብዛኛው የኃይል ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ሻንሲያቸው ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ ይችላል። የጊታሩ ክር ደግሞ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ነው። ያ ሶሎ ሳይሆን ሬሳ ነው። የእኛዎቹ በ«ኢ» የሚጀምሩ ነበሩ፤ ተረፍን።

በቀጥታም አልሰኩትም። መስመሩ መሐል የ100 ዋት የክር አምፖል አስገቡ፤ ውስጡ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል እንጂ ሬዲዮው አይነድም። ቦግ ብሎ ደብዘዝ አለ። ደኅና ነው ማለት ነው። አምፖሉን አውጥተው በሙሉ ኃይል ሲሰኩት ግን የኢ ኤል 84 ሆድ እንደ ፍም ቀላ። ወዲያው ነቀሉት። (ከተነቀለም በኋላ ከ250 ቮልት በላይ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ ጋሼ በሬዚስተር አፍስሰው፣ በቴስተር ዜሮ መሆኑን ሳያዩ እጃቸውን አያስገቡም።) ጥፋተኛዋ አንዲት የጣት አንጓ የማታክል የወረቀት ካፓሲተር ነበረች። ሥራዋ ከቀደመው ቫልቭ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ማሳለፍ ሆኖ ሳለ በእርጅና ቮልቴጁንም ታሾልካለች። ቫልቯ መግቢያ ላይ ዜሮ ገደማ መሆን የነበረበት 11 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ካፓሲተሯ ተቀየረች፤ ቅላቱ ጠፋ።

ቀጥሎ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ። ጋሼ ቮልዩሙን ዜሮ አደረጉት፤ አልቀነሰም። እንግዲያው ከጊታሩ አይደለም። ከዚያ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50ው ራሱ ከተሰማ ጥርጣሬው ማሞቂያው ሽቦ ወይም ኧርዙ ላይ ነው፤ 100 ከሆነ የማጣሪያው ካፓሲተር ደርቋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ልክ አንድ ኦክታቭ ነው! ጊታር የሚቃኝ ሰው ይለየዋል። 100 ነበር። ማጣሪያዎቹ ተቀየሩ፣ የጊታሩ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ከፊት አንዲት ኢ ሲ ሲ 83 ተጨመረች፣ አለቀ። ያልተፈታው የወፍጮ ቤቱ ነገር ነው። ጠዋት ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይወርዳል፣ 6.3 ቮልት የሚፈልገው የቫልቭ ማሞቂያም አብሮ ይወርዳል፣ አምፑ ይደክመዋል። መድኃኒቱ ጠዋት አለመጫወት ነው።

አሁን ሙግታችንን ስሙን። ጋሼ ያደረጉት ሳይንስ ነው፤ መገመት፣ መለካት፣ ማስወገድ። ሀገሩ ግን ለእንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ስም ምንድን ነው? ብረት የቀጠቀጠውን ጠይብ ብለን፣ ቀጥለን ቡዳ ብለን ከማዕድ ያራቅን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ልብሱን ቀየረ እንጂ አልቀረም፤ ዛሬ «ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ ቴክኒክና ሙያ ገባ» ይባላል። በኤሌክትሮኒክስ የተመረቀ አንድ ጓደኛችን ሦስት ዓመት ሙሉ ካውያ የጨበጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ የቀረውን ከነጭ ሰሌዳ ገልብጧል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ «ክህሎት» የሚል ቃል በስሙ የያዘ ሚኒስቴር አለን። እኛ የምንጠይቀው ለአንድ ተማሪ አንድ ካውያ፣ አንድ ቴስተርና የተበላሸ ዕቃ ነው። የተበላሸ ዕቃ ደግሞ ሀገሩ ሞልቶታል።

«ከተማ ተቃጥሎ ስለ ጊታር ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ እናወራለን! የጋሼ ቴስተር ጠዋት የወፍጮ ሞተር ይመረምራል፣ ከሰዓት የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ማታ የሠርግ ስፒከር። መሣሪያው የተቃጠለበትን ባለሙያ ቆርቆሮ ብቻ ሰጥቶ «ተቋቋምክ» ማለት ቀልድ ነው። «ላፕቶፕ ላይ ያንን ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ» ለሚለንም መልሳችን አጭር ነው፦ አለ፣ እንጠቀምበታለን፤ ሲበላሽ ግን አጣዬ ውስጥ በዊንጌት... አይ፣ በካቻቢቴ ከፍቶ የሚያድነው የለም።

አምፑ አጣዬ ቀርቷል። አንድ ልጅ ማይክራፎን የለጠፈበት ክራር ሰክቶበት ባቲ ይመታበታል። የቅኝቱ ስም የወጣላት ከተማ ከዚያው መንገድ በኮምቦልቻ በኩል ታጥፎ ነው የምትገኘው። እኛ ደግሞ ሁለተኛውን ጀምረናል፤ የጎደለን ለስፒከሩ የሚሆን ትራንስፎርመር ነው። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ያላችሁ፣ ቆራሌው በበራችሁ ሲያልፍ እባካችሁ ለዛሬ እንዳልሰማ ሁኑ።