«ወይዘሮ ሀ»ን አገር ያውቃቸዋል

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት በመጣ ቁጥር ደብተርና መቅረጫ ይዘን ወደ ላስታ የምንወጣ አለን። ስንመለስ ሁላችንም አንዲት ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ «የመረጃ አቀባዮቹን ማንነት ለመጠበቅ ስማቸው ተቀይሯል» እንላለን። ይቺን ጽፎ እንቅልፍ የሚወስደው ተማሪ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው።

ምሳሌ እንፍጠር፤ «ወይዘሮ ሀ፣ ዕድሜ 47፣ የልምድ አዋላጅ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሹምሸሃ።» ስም የለም። ታዲያ ምን ተደበቀ? የሹምሸሃ ልጅ እኮ ጣቱን ቀስሮ ቤታቸውን ያሳይሃል! በላስታ ሰው የሚታወቀው በደብሩ፣ በሙያው፣ በዘመዱና በሰንበቴው ጭምር ነው። ለመሆኑ አንድ ደብር ስንት መሪጌታ አለው? «መሪጌታ ለ» ብለህ የደብሩን ስም ከጨመርክበት ፊደሏ ለይስሙላ ናት።

ይህ ሰንጠረዥ ከየት መጣ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ጥናቶች መጨረሻ የመረጃ አቀባዮችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቃላቸውን የሰጡበትን ቦታና ቀን መዘርዘር የቆየ ልማድ ነው። ለዚያ ሥራ ደግ ልማድ ነው። ዜማ አዋቂው ዕውቀታቸውን ሲሰጡን ስማቸውን ማጥፋት ስርቆት ይሆናል። ለዜማ የተሰፋውን ልብስ ለዕዳ፣ ለሕመምና ለጦርነት ማልበስ ግን ምን የሚሉት ዕውቀት ነው?

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታ ስም ዝርዝር በዝምድና ተሠራ ብላ የነገረችን ሴት ብትታወቅ፣ በሚቀጥለው ዝርዝር ስሟ ይኖራል? ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ላሊበላ ከአንዱ ታጣቂ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ማን ለማን እንጀራ እንዳቀረበ የነገሩንስ? ለእኛ «ግኝት» የሆነው ለእነሱ የክስ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ዛሬ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይኖርም፤ በኢንተርኔት ወጥቶ በስልክ ይነበባል። የቅዳሜው ገበያ ሳይበተን ወሬው ላሊበላ ይደርሳል።

አንዳንዶች «ዝርዝሩ ከወጣ እውነቱ ይሞታል» ይሉናል። እ.ኤ.አ. በ1958 አርተር ቪዲችና ጆሴፍ ቤንስማን ስለ አንዲት ትንሽ የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ መጽሐፍ አወጡ። ከተማዋን «ስፕሪንግዴል» አሏት፤ የሰዎቹንም ስም ለወጡ። ነዋሪዎቹ ግን ማን ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ለዩ። በበዓል ሰልፋቸውም የደራሲውን አሻንጉሊት በፍግ ጋሪ ጭነው ተሳለቁበት። ዝርዝሩ አልወጣም ነበር፤ የሞተው ግን እምነት ነው። ላስታ ላይ ደግሞ ነገሩ በሳቅ ላያልቅ ይችላል።

መንደር በስሙ አይጠራ አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ኦክስፎርድ ካወጧቸው 15 የገጠር መንደር ጥናቶች አንዱ ሹምሸሃን በስሟ ይጠራል፤ ለታሪክ ይበጃል። ነገር ግን መንደሩን ከጠራህ ሰውየውን የሚያስለየውን ተው፤ ሰውየውን ዘርዝረህ መሳል ካለብህ ደግሞ መንደሩን ተው። ሁለቱን ባንድ ላይ መፈለግ ስስት ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንበል። ዕድሜው «በአርባዎቹ» ይባል፤ ቀበሌው ቀርቶ ወረዳው ይበቃል። የአንድ ሰው ቃል ሁሉ በአንዲት ፊደል ሥር አይከማች፤ ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ሰውየው ይቆማልና። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ከነገሩኝ ውስጥ የትኛው ይቅር?» ብለን እንጠይቅ፤ ስሜ ይጻፍልኝ ያሉም ይጻፍላቸው። ትክክለኛው የስም ዝርዝር ከጽሑፉ ተለይቶ ይቀመጥ። የትምህርት ክፍሎቻችንም አባሪው ካልተሟላ ብለው ነጥብ መቀነሳቸውን ይተዉ።

እነዚህ ሰዎች ጠላ ቀድተው፣ በራቸውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩን ነገር አለ። ሆድ ይፍጀው ያሉትን ዲግሪ ልናገኝበት አደባባይ ካወጣነው፣ ከኛ በኋላ ላስታ የሚወጣው ተማሪ የሚያገኘው የተዘጋ በር ብቻ ነው፤ ይገባናልም።