ከሪያድ ውሳኔ በኋላ፦ የባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች ዕጣ

ሪያድ — የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሪያድ ባካሄደው 45ኛ የተራዘመ ስብሰባው የኢትዮጵያን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይታወሳል። በዚሁ መድረክ የኡሩቅ ባኒ መዓሪድ ጥብቅ ሥፍራ የሳዑዲ ዓረቢያ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ዓለም ቅርስ ለመሆን በቅቷል።

የባሌ ስም ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱት ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ናቸው። የምዝገባው ትርጉም በተግባር የሚፈተነው ግን ዓይን በማይጥልባቸው ነዋሪዎች ላይ ነው። በሐረና ደን የላይኛው ክፍል፣ የአስታ ቁጥቋጦ በሚበዛበት ጭጋጋማ ስፍራ፣ ሳይንስ በ1989 እና በ1991 የመዘገባቸው ሁለት እንቁራሪቶች ይኖራሉ፤ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ እና ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ። የኋለኛው ስያሜ ከራሱ ከአስታ ሳይንሳዊ ስም የተወሰደ ነው። ሁለቱም ከባሌ በቀር በዓለም የትም አይገኙም፤ ሁለቱም እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ተመድበዋል።

እንቁራሪት በቆዳዋ ጭምር ስለምትተነፍስ ያለ እርጥበት መኖር አትችልም። አስታው ለማገዶ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ጥላው ይነሣል፤ መሬቱ ይደርቃል። የከብት መንጋ ሲበዛም የምንጭና የጅረት ዳር ይረገጣል።

ይሁንና አርብቶ አደሩን በጠላትነት መፈረጅ መፍትሔ አይሆንም። ጎዳንቱ የተባለው ወቅታዊ የከብት ዝውውር በባሌ የቆየ ሥርዓት ነው። የሐረና የጫካ ቡናም ደኑ ሳይመነጠር ገቢ ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳያል። ነዋሪው ከጥበቃው ተጠቃሚ ካልሆነ ደንብ ብቻውን ደን አያቆምም።

ከኡሩቅ ባኒ መዓሪድም ትምህርት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከዱር ጠፍቶ የነበረው የዓረቢያ ሳላ በ1995 ወደዚያ በረሃ የተመለሰው፣ በሰው እጅ የተረፉት ተራብተው መመለሻ ስፍራቸውም ስለተጠበቀ ነው። የባሌ እንቁራሪቶች ግን አስታው ከጠፋ የሚመለሱበት ሌላ ተራራ የላቸውም።

ጉዳዩ የእንቁራሪት ብቻም አይደለም። ከባሌ የሚነሡት ውኆች እነ ገናሌንና ወቢ ሸበሌን እየመገቡ እስከ ሶማሊያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይደርሳሉ። ለእንቁራሪቶቹ እርጥበት የሚይዘው ደን ለዚያ ሕዝብም ውኃ ይይዛል። የሪያዱ ውሳኔ ክብርን አጎናጽፏል፤ አደራውን መወጣት ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።