የኡስታዙ ኢኽላስ የጀመዓውን ዕዳ አያወራርድም

 

ይህ ሰላማዊ ትግል የተቀጣጠለው ከመማሪያ ክፍል መሆኑን አንርሳ። በ2004 ከአወሊያ 50 ያህል የዐረብኛ መምህራን ሲሰናበቱ ከሁሉ ቀድመው ድምፃቸውን ያሰሙት ተማሪዎቹ ነበሩ። ከሦስቱ ጥያቄዎቻችን አንዱም አወሊያ ከመጅሊሱ እጅ ወጥቶ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር የሚል ነበር። ትግሉ ለመምህሩ ክብር ቆሞ ተነስቷል። ታዲያ ዛሬ መምህሩን ማን አስታወሰው?

እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ሁለት ንግግር ሰልችቶናል። አንደኛው፣ «በዚህ ቀውጢ ጊዜ ቃዒዳ ማቅራት ምን ይፈይዳል?» የሚለው ነው። ብዙ ይፈይዳል! ነገም በግዳጅ ሥልጠና ሌላ አስተሳሰብ ሊጭኑበት ሲመጡ «ይህ ዲኔ አይደለም» ብሎ የሚለየው ዛሬ የቀራ ልጅ ነው። ያልቀራው የሰጡትን ይቀበላል። መድረሳው ባዶ ሆኖ መስጂዱ ቢሞላ ድላችን የአንድ ትውልድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ «ኡስታዝ የሚያቀራው ለአላህ ብሎ ነው፤ አጅሩን ከአላህ ያገኛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ኒያችን በእኛና በአላህ መካከል ነው። የወር ክፍያው ግን በእኛና በእናንተ መካከል ነው። የቤት አከራይ ኢኽላስ ተቀብሎ አያውቅም! ልጁን በስጋት ከቤት ያስቀረ ወላጅ ፍርሃቱ ይገባናል። ጁሙዓ በተክቢራ ድምፁን እያሰማ የሦስት ወር መዋጮ ያላወጣው ግን ምን ይለናል?

አስተማሪን ፍርሃት ብቻውን አይጥለውም። የሚጥለው ከ30 ደረሳ 7ቱ ብቻ በመጡበት ማለዳ «ሌሎቹ የት ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሽማግሌ ማጣቱ ነው።

እኛም ራሳችንን እንውቀስ። ሁከቱን ሰበብ አድርገን ያረፈድንባቸው፣ የዘጋንባቸው ቀናት አሉ። የመጡት ሰባቱ አማና ናቸው፤ ለሰባቱም በሰዓቱ በር እንከፍታለን።

ከየመስጂዱ ጀመዓ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ልጆቻችሁን መልሱ፤ መዋጮውን በወሩ ክፈሉ፤ የታሰረውንና ከሥራ የተባረረውን ኡስታዝ ቤተሰብ በር አንኳኩ። መብታችንን ከመንግሥት በሰላም እንጠይቃለን፤ ይህኛውን ግን ለመፈጸም የማንንም ፈቃድ አንጠብቅም!

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!