ከባልንጀራ ጋራ መሄድ

በእንግሊዝ አገር የፔናይን መንገድ የሚባል ረጅም የእግር መንገድ አለ። እርሱም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ተከፈተ። ኤዴል ከምትባል መንደር ተነሥቶ፥ በተራሮች ላይ እያለፈ፥ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በስኮትላንድ ምድር ያበቃል። ብዙዎች ከወዳጃቸው ጋራ ሆነው ጥቂት በጥቂት ይሄዱበታል፤ በሌላ ጊዜም ካቆሙበት ይጀምራሉ።

ልጆች ሆይ፥ ብርቱ ሰው ደካማውን ትቶ ሊቀድም ይወዳል፤ ይህ ግን መልካም አይደለም። በዚያ ከፍታ ጭጋግ በድንገት ይወርዳል፤ ምድሩም በብዙ ስፍራ ረግረግ ነው፤ ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ ሰው መንገዱን ይስታል። ስለዚህ የጕዞው ልክ የደከመው ሰው እርምጃ ሊሆን ይገባል እላለሁ። ባልንጀራህ ሲደክም የዚያን ቀን ጕዞ በቅርቡ መንደር ፈጽም። መንገዱ ከስፍራው አይጠፋም፤ የተተወ ባልንጀራ ግን ይጠፋል።