በአደን ሥጋ ወደ ማዕድ የሚገባ እርሳስ፦ ሕጉ ለሸማቹም ጥበቃ ነው

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ሕገ ወጥ አደን ሲነሣ የቆየው በአብዛኛው ከዋልያ ህልውና ጋር ተያይዞ ነው። ጉዳዩ ግን የሰውን ጤናም ይመለከታል። ከጎንደር ቁስቋም አንሥቶ እስከ ደባርቅ በተዘረጋው ደጋ ቆቅ፣ ጅግራ ወይም ሚዳቋ በጥይት ተገድሎ ወደ ቤት ሲገባ፣ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን አብሮ ሊገባ ይችላል።

የብዙ ጥይቶች እምብርት እርሳስ ነው፤ ለወፍ አደን የሚውሉት ጥቃቅን እንክብሎችም በአብዛኛው ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ጥይት አጥንት ሲመታ ይሰባበራል፤ በዐይን የማይታየው ስብርባሪም ከቁስሉ ርቆ በሥጋው ውስጥ ይሠራጫል። ማጠብም ሆነ መቀቀል አያስወግደውም፤ እሳት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስን አያጠፋም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይሟሟል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ አስታውቋል። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ይከማቻል፤ በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በመሆኑም በልቶ ወዲያው አለመታመም የደኅንነት ማረጋገጫ አይደለም።

አገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ገድባለች። በድብቅ የታደነ ሥጋ ግን ማንም ሳይመረምረው ለሕፃን ይጎረሳል። ያለ ፈቃድ ማደንን የሚከለክለው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ስለዚህ እንስሳቱን ብቻ ሳይሆን ተመጋቢውንም ይጠብቃል።

ኅብረተሰቡ የሚከተሉትን እንዲያደርግ ይመከራል፦

• ምንጩ ያልታወቀ የዱር እንስሳ ሥጋ አለመግዛትና አለመመገብ፤
• በሕጋዊ ፈቃድ የተገኘ ቢሆንም በጥይት የተመታን ሥጋ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት አለማቅረብ፤
• በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ በሰፊው ቆርጦ መቅበር፣ ለውሻም አለመስጠት፤
• እንዲህ ያለ ሥጋ አዘውትሮ የተመገበ ሰው ይህንኑ ለጤና ባለሙያ መንገር። በሰውነት ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን የሚለየው በደም ምርመራ ነው።