ከመርዶ በፊት እንነጋገር

የድራማ ክበባችን ለዓመቱ መዝጊያ የሚቀርበውን ቴአትር በመምረጥ ላይ መሆኑ ይታወቃል። እስካሁን የተጠቆሙት ርእሶች የለመድናቸው ናቸው፤ ሰነፍ ተማሪ፣ ሰካራም ባል፣ ያለዕድሜ ጋብቻ። ይቅሩ አንልም። እኛ ግን በበኩላችን ማንም ያላነሣውን አንድ ርእስ እናቀርባለን። ይኸውም ጽኑ ሕመምና ሞት ነው። «ኧረ ሟርታችሁን ተዉን!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመለከተው ግን በብዙ ቤት ደባቂው ቤተ ዘመድ ነው። ሕመሙ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ታላቅ ወንድም ሐኪሙን ወደ ጎን ይጠራና «እባክዎ ዶክተር፣ ለእሷ እንዳይነግሯት» ይላል። ከዚያ ወዲያ በሽታው በስሙ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይሆናል። ጠያቂው ሁሉ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣና «ምንም አልሆንሽም እኮ!» ብሎ ይሄዳል። ታማሚዋ ግን ከሰዉ ፊት ሁሉን ተረድታለች። እሷም በተራዋ እነሱን ላለማስጨነቅ ዝም ትላለች። ዕዳዋን፣ የልጆቿን ነገር፣ የምትቀበርበትን ቦታ ሳትናገር ታልፋለች። ሩቅ ያለው ልጅ «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ተብሎ ይጠራና ሌሊት መርዶ ይነገረዋል።

«ታዲያ ባህላችን አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ኑዛዜስ የማን ባህል ነው? የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስቀምጦ ያለበትን ዕዳ የሚናገር፣ ልጆቹን አደራ የሚሰጥ በሽተኛ በየቤቱ ነበር። በእስልምናም ቢሆን ኑዛዜ የታወቀ ሥርዓት ነው። የቁም ተዝካሩን በገዛ እጁ ያወጣም ሞልቷል። ለቅሶውስ? በቀድሞው ጊዜ የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ፈረሱ እየተሳበ፣ ጋሻው እየታየ፣ አልቃሽ በግጥም እያወረደች ሕዝቡ ያለቅስ ነበር። ይህ ራሱ ቴአትር ነው እንላለን። ጉድለቱ ባለቤቱ ካለፈ በኋላ መምጣቱ ነው። እኛ የምንለው ሰውየው እየሰማ ሳለ ይሁን ነው።

ቴአትር ለዚህ ያገለግላል ወይ ለሚለን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ኤድሰን በሆስፒታል የካንሰርና የኤድስ ታማሚዎች በሚተኙበት ክፍል ከሠራች በኋላ «ዊት» የተባለ ቴአትር ጻፈች። ቴአትሩ በካንሰር የምትሞት አንዲት የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰርን ያሳያል። ሐኪሙ ሕመሟን በሕክምና ቃላት አከታትሎ ያወርድባታል፤ ስለ መጨረሻዋ ሰዓት ቁጭ ብላ በሰው ቋንቋ የምታነጋግራት ግን ነርሷ ናት። ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። የሕክምና ተማሪዎች ከታማሚ ጋር መነጋገርን እንዲማሩበትም በየሕክምና ትምህርት ቤቱ ታይቷል። ደራሲዋ ሽልማቱን ስትቀበል የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። እንግዲህ የሙያ ባልደረባችን ናት ማለት ነው!

በአገራችንም ትምህርት ቤቶች ስለ ሕመምና ሞት ድራማ ያልታየባቸው አይደሉም። የፀረ ኤድስ ክበባት ስንት ጊዜ ሠርተዋል! ጥቅማቸውን አንክድም። ነገር ግን በብዙዎቹ ውስጥ ታማሚው የሚገባው የጥፋቱን ዋጋ ሊቀበል ነበር፤ ይከሳል፣ ያስላል፣ ይሞታል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ተመልካቹ መፍራትን ተማረ እንጂ ከታመመ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚባል አልተማረም።

ስለዚህ አሠራሩም ይለወጥ። የብራዚሉ ኦጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ሥራ ላይ ሳለ ፎረም ቴአትር የሚባለውን ዘዴ አዳብሯል። አንድ አጭር ጨዋታ መጥፎ ፍጻሜው ድረስ ይታያል። ከዚያ እንደገና ይጀመራል። በዚህኛው ጊዜ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ያስቆምና በተዋናዩ ቦታ ገብቶ «እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር» ብሎ ይሞክራል። ሌላውም በተራው ይሞክራል።

ለእኛ የምናስበው ጨዋታ የሚከተለው ነው። እናት ከሆስፒታል ወረቀት ይዛ መጥታለች። ቤተሰቡ ተማክሮ ደብቋታል። የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጇ ግን በዕረፍት ሰዓት አስተማሪዋ ዘንድ ትመጣና «ቲቸር፣ እማዬ ትሞታለች እንዴ?» ትላለች። አስተማሪው ምን ይመልስ? «አይዞሽ፣ ትድናለች» ካለ ዋሽቷል። «ሂጂ ተጫወቺ» ካለ አባሯታል። ቤተሰቡ ያልነገራትን እሱ ቢነግራትስ መብቱ ነው? እዚህ ላይ «ቁም!» የሚል ሠልጣኝ ይነሣና ይሞክር። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ መልሱን ግን በየትኛውም የማስተማር ዘዴ መጽሐፋችን አላገኘነውም።

ጥንቃቄም ያስፈልገዋል። በመካከላችን ያለ ሰው ሕመም ወይም ሐዘን ለድራማ አይወሰድ። ሐዘን ያለበት ሠልጣኝ ወጥቶ መሄድ ቢፈልግ ማንም አይጠይቀው፤ አንድ ጓደኛ ብቻ ይከተለው። ከጨዋታው በኋላ አንድ መምህር ውይይቱን ይምራ።

«ታማሚው እውነቱን ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል» የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም። ማወቅ የማይፈልግ ሰውም አለ፤ መብቱ ነው። ነገር ግን መፈለግ አለመፈለጉን ራሱን የጠየቀው ማን ነው? «ምን ያህል እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ሟርት አይደለም። በመድረካችን ላይ ቢያንስ ይህችን አንዲት ጥያቄ ማለት ብንለማመድ ትልቅ ነገር ነው።

የድራማ ክበቡ ኮሚቴ አሳባችንን ይመልከትልን። መምህራንም ቢሆኑ አስተያየታቸውን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉልን ደስ ይለናል። የሚቃወመንም ይጻፍ፤ እናነባለን።